ሦስት ኪሎዋት በመንዝ ደጋ፦ የጄኔሬተር ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 8

ቤቱ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። የመብራት ምሰሶው ከተማው ጫፍ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለነው ኩራዙን በሶላር ፋኖስ ቀይረን ተቀምጠናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 በመቶው ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆነ መንገድ መብራት እንዲያገኝ ያቀደ ነበር። እኛ በየትኛው እንደተቆጠርን የነገረን የለም። ጄኔሬተር ተገዛ።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያጸደቀው ዝርዝር ይህ ነው። አባባ ኢንሱሊናቸውን የሚያስቀምጡበት ፍሪጅ። እማዬ የጉድጓዱን ውሃ የሚያወጣ ፓምፕና የኤሌክትሪክ ምጣድ። እህቴ ቴሌቪዥን። ስልክና አምፖል ለሁሉም። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚሸከም ማሽን ለመግዛት አቅሙም የለን፣ ቢኖረንም ቤንዚኑን ማን ይችለዋል? ስለዚህ ሥራው ማሽኑን ከቤቱ ጋር ሳይሆን ቤቱን ከማሽኑ ጋር ማስማማት ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ 3.5 ተጽፏል። ከማሽኑ ጎን የተለጠፈችው ጽሑፍ ደግሞ ከፍተኛ 3.0፣ መደበኛ 2.8 ኪሎዋት፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ትላለች። ካርቶኑን እርሱት። ከፍተኛ የተባለውም ዕቃ ሲነሳ ለአፍታ የሚወጣ ጉልበት ነው እንጂ ሰዓታት የሚያሠራ አይደለም። ሒሳብ የሚሠራው በመደበኛው ነው፦ 2,800 ለ220 ሲካፈል 12.7 አምፒር።

ጥቅምት 9

12.7ቱም እዚህ አይገኝም። ስልኬ ከፍታውን 2,950 ሜትር ይላል። ሞተር ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ ባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች የተለመደው ስሌት በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ጉልበት ቀንሱ ይላል። ለእኛ ሲሰላ 34 በመቶው ሄደ። የቀረው 1.85 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ 8.4 አምፒር።

አዲስ አበባ ላይ በ2,400 ሜትር ጄኔሬተር የሚገዛ ሰውም ከሩብ በላይ የሚሆነውን ጉልበት ሳያውቀው ሱቁ ውስጥ ትቶት ይወጣል። ሻጮች ይህን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ይህም ቢሆን ካርቡራተሩ ለቦታው ከተስተካከለ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ለቆላ የተለካ ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ምልክቱን ዛሬ ጠዋት አየነው፦ በብርዱ ገመዱ ተደጋግሞ ተስቦ ሲነሳ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ትንሽ ሠርቶ ካንዴላው ሲፈታ ጥቀርሻ ለብሷል። መፍትሔው ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሿን የናስ ቀዳዳ አንድ ቁጥር ጠበብ ባለች መለወጥ ነው። ሻጩ ለብቻዋ አዝዞልኝ ነበር፤ ገባች። ከዚያ በኋላ ጭሱ ጠራ፣ ድምፁም ተስተካከለ። አሮጌዋን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ማሽኑ ላይ አስሬያታለሁ፤ አንድ ቀን ማሽኑ ወደ ቆላ ቢወርድ በጠባቧ ቀዳዳ ቤንዚኑ አንሶት ከመጠን በላይ ስለሚግል፣ መጀመሪያ እሷ መመለስ አለባት።

ጥቅምት 10

ፓምፕ። ጎረቤታችን ጋሼ አንድ አሮጌ ፓምፕ አላቸው፤ የጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ በቱቦ የሚስበው ዓይነት። "ውሰዱት፣ እኔ ዘንድ ዝገት ነው የሚበላው" አሉን። ገመድ ጥለን ጉድጓዱን ለካን፤ ውሃው ከአፉ ዘጠኝ ሜትር ዝቅ ብሏል፣ ገና በበጋው መጀመሪያ።

ከላይ የሚስብ ፓምፕ ውሃውን የሚያወጣው በራሱ ጉልበት አይደለም። እሱ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ይመጥጣል፣ ውሃውን ከታች ገፍቶ የሚያመጣው የውጭው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ይህ ግፊት ቢበዛ አሥር ሜትር ያህል ውሃ ያቆማል። እዚህ ሰባት ሜትር ከሁለት አሥረኛ ነው፤ የቱቦውና የፓምፑ ብክነት ሲቀነስ ለሥራ የሚተርፈው ከአምስት ሜትር አይበልጥም። ማሽኑን ያደከመው ያው የሳሳ አየር ፓምፑንም እጁን ያዘው። የጋሼን ፓምፕ የቱንም ያህል ጉልበት ብንሰጠው ዘጠኝ ሜትር አይስብም። አመስግነን መለስን። "ቆላ ብትኖሩ ይሠራላችሁ ነበር" ብለው ሳቁ፤ እሳቸው እንኳ ገምተውት ኖሯል፣ ግን ቆላም ቢሆን ዘጠኝ ሜትር ይከብደዋል።

ስለዚህ ውሃው ውስጥ የሚሰጥም ሰብመርሲብል። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ሲሠራ 600 ዋት ገደማ የሚወስድ። አንድ ፈረስ ጉልበት ያለውን አልፈለግሁም፤ ከሥራው ይልቅ መነሻው ነው የሚያስፈራው። የፓምፕ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ለአፍታ ከሥራ አምፒሩ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይጎትታል። ትንሹ ፓምፕ ቀስ ብሎ ሮቶውን ይሞላል፤ ትልቁ ማሽኑን ያጠፋዋል።

ጥቅምት 12

ማስቀመጫ። አባባ "ሌባ አለ፣ ሌሊት ቤት ይግባ" አሉ። ቀዝቅዞ፣ ጠፍቶ ከሆነ ይግባ። እየሠራ ግን ከቤት፣ ከበረት፣ ከኩሽና፣ ከበረንዳም ጭምር መራቅ አለበት። በከሰል ጭስ ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ታሪክ የማያውቅ ቤተሰብ እዚህ አገር የለም፤ የጄኔሬተሩ ጭስ ውስጥ ያለውም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ያውም በብዛት። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቅ ይባላል። እኛ በጫጫታውም ምክንያት 25 ሜትር አራቅነው፣ ማርሚታውን ነፋሱ ወደሚሄድበት አዙረን። ከላይ ቆርቆሮ፣ ዙሪያው ክፍት፣ ከታች በሲሚንቶ የተቀበረ ሰንሰለት። ሌባውን ሰንሰለቱ ይያዘው።

25 ሜትር ሽቦ ማለት ደርሶ መልስ 50 ሜትር መዳብ ነው። 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ ከሆነ መንገድ ላይ የሚቀረው በሙሉ ሥራችን ሰዓት ሁለት ቮልት ያህል ነው፣ ምንም አይደል። ችግሩ ገበያ ላይ 2.5 ተብሎ ሲላጥ ቀጭን የሚወጣው ነው። ከመግዛቴ በፊት ጫፉን አስልጬ አየሁ፤ ሻጩ አልወደደውም።

የመሬት ሽቦው ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ነው። ትንንሽ ጄኔሬተሮች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ሽቦዎቻቸው ከመሬት ጋር ሳይያያዙ ነው የሚመጡት። ሰው እንዳይመታ የሚያስገቡት 30 ሚሊአምፒር ብሬከር ደግሞ ከሁለቱ አንዱ፣ ኒውትራል የሚሆነው፣ በአንድ ቦታ ብቻ ከመሬት ሽቦው ጋር ካልታሰረ ቁምሳጥን ላይ እንደተቀመጠ ጌጥ ነው፤ ቀልጦ የወጣ ሽቦ የፍሪጁን አካል ቢነካም አይቆርጥም። እኛ ጋ ማሰሪያው ማሽኑ አጠገብ ነው፣ ከመዳብ ዘንጉ ጋር። ብሬከሩም ሽቦው ወደ ቤት ከመነሳቱ በፊት እዚያው ሳጥን ውስጥ ገባ። መሞከሪያ ቁልፏን ስጫናት ቆረጠ። ድንጋያማው መሬት ዘንጉን አላስገባ ብሎ ግማሽ ቀን ፈጅቷል፣ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ጥቅምት 13

የምጣዱ ክርክር።

እማዬ ምጣድ የምትፈልገው በቅንጦት አይደለም። እዚህ ደጋ ላይ እንጨት ብርቅ ነው፤ እንጀራው የሚጋገረው በኩበት ነው፣ ኩበቱ ደግሞ ለማሳው ቢቀር ማዳበሪያ ይሆን ነበር። ጭሱ ዓይኗን አጥፍቶታል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንቢ ያልኩት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይወስዳል፣ 16 አምፒር። ማሽናችን ያለው 8.4 ነው። የጋሼ ልጅ "የምጣዱን ሽቦ አርዝመን በግማሽ ጉልበት እናሠራው" አለ። ይሞቃል። ግን ምጣድ ገና ሊጡ ሲፈስበት ሙቀቱን መመለስ አለበት፤ በግማሽ ጉልበት እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይደርቃል እንጂ አይበስልም። እማዬ ይህን ስትሰማ ክርክሩን እሷው ዘጋችው፦ "ዓይን ከሌለው ምን እንጀራ ነው፣ ተወው።"

በእጥፍ የሚበልጥ ማሽን ብንገዛስ? ይነሳል። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ዘጠኝ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት አለ፤ በትንሽ ጄኔሬተር በኩል አልፎ ሶኬቱ ጋ የሚደርሰው ከአምስት እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም፣ ቀሪው በማርሚታውና በሞተሩ አካል በኩል ሰማይ ያሞቃል። ከእሳት መብራት ሠርቶ መብራቱን መልሶ እሳት ማድረግ ነው። ማሞቅ የጄኔሬተር ሥራ አይደለም፦ ምጣድም፣ ስቶቭም፣ የውሃ ማሞቂያም። ከከተማ «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ አመጣን። በሲሚንቶ የሚሠራ፣ ተገጣጣሚ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ ጭሱንም ከኋላ ያወጣል። ከጠቅላላው ፕሮጀክት እማዬ ለጎረቤት የምታሳየው እሱን ነው።

ጥቅምት 15

የመጀመሪያው ሙሉ ሙከራ። ቴስተሩ ሶኬት ላይ፣ አምፒር የሚለካው ክላምፕ ሽቦው ላይ።

ባዶውን ሲሠራ 52 ኸርዝ፣ 228 ቮልት። ባዶ ሲሆን ኸርዙ ትንሽ ከፍ ማለቱ ትክክል ነው፤ ጭነት ሲመጣ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ማሽን 50 ኸርዝ የሚሰጠው በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ነው። ቮልቱን የሚጠብቅ መሣሪያ አለው፣ ዙሩን ግን የሚጠብቀው ጋቨርነሩ፣ ማለት የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ብቻ ነው።

ፓምፑ ብቻውን ተነሳ። ድምፁ ለአፍታ ወደቀ፣ አምፖሉ ብልጭ አለ፣ መልሶ ቆመ። ከዚያ ፍሪጁ፦ ሲሠራ መቶ ዋት የማይሞላ፣ ሲነሳ ግን ለአፍታ እስከ 700 የሚደርስ። ሁለቱም እየሠሩ 51 ኸርዝ። በመጨረሻ አምፖልና ቴሌቪዥን። ቅደም ተከተሉ ይህ ሆኖ ይቆያል፦ ከባድ መነሻ ያለው መጀመሪያ፣ ለብቻው። ሲጠፋም ዕቃው ቀድሞ፣ ማሽኑ በኋላ፤ እየሞተ ያለ ማሽን ቮልቱ ሲዋዥቅ ዕቃ ይገድላል።

ሊያይ የመጣ አንድ የሞተር ሳይክል መካኒክ የጋቨርነሩን ብሎን አጥብቄ ጉልበት ልጨምርላችሁ አለ። ብሎኗ ላይ ቀለም ያፈሰሱት በምክንያት ነው። ዙሩ 3,300 ቢደርስ 55 ኸርዝ ይሆናል፤ ፓምፑና ፍሪጁ ከተሠሩበት ፍጥነት በላይ ይሮጣሉ፣ የሳሳው አየር ግን አይወፍርም።

ጥቅምት 16

እየሠራ ዝም አለ። ቤንዚን አለ፣ ካንዴላው ደህና ነው። እህቴ ልትጠርግ ስትል ማሽኑን ትንሽ ገፍታው ኖሮ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ ዘይቱ ወደ ጎን ሲሸሽ፣ ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋው ጠቋሚ ዘይት አለቀ ብሎ አስቦ ነው። ተስተካከለ፣ ተነሳ። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጠፈ።

ጥቅምት 20

ቤንዚን። ማደያው በጀሪካን አልቀዳም አለ፣ የወረዳ ደብዳቤ ይዘን ስንሄድ ቀዳ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሊትር የመንገድና የደብዳቤ ዋጋም አለው፤ መለካት ጀመርን።

ማታ ማታ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥን፣ ለሪሲቨርና ለስልክ ብቻ ስናስነሳው ጠቅላላው ጭነት 110 ዋት ገደማ ነው። አራት ሰዓት ሲሠራ ከሁለት ሊትር ተኩል ትንሽ የሚያንስ ቤንዚን ይጠጣል። ያገኘነው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ማሽኑ ምንም ባይሸከምም ያንን ሁሉ ዙር ለመዞር ብቻ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ይፈልጋል። ለአምስት አምፖል ጄኔሬተር ማስነሳት ለአንድ ጆንያ ጤፍ ሙሉ አይሱዙ መከራየት ነው።

ተቃራኒው ሲሞከር፣ ፓምፕና ፍሪጅ ባንድ ላይ ሲሆኑ፣ ከአንድ ሊትር የምናገኘው በብዙ እጥፍ ከፍ አለ። ስለዚህ ማሽኑ ሲሠራ ሙሉ ሥራ ይሥራ፣ ካለቀ ይጥፋ። ቤቱ ደግሞ ከተጠራቀመው ይጠቀም። ውሃውን ሮቶው ያስቀምጣል። መብራቱን የሚያስቀምጥ ያስፈልገናል።

ኅዳር 2

ባትሪው ደረሰ። ብዙ ሰው ጄል ባትሪ ግዙ ብሎን ነበር፣ ርካሽ ነው፣ ከተማም ይገኛል። ለሶላር ይሁን። ለጄኔሬተር ግን አይመችም፦ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው፣ የመጨረሻዋን ሩብ ለመሙላት ሰዓታት ይፈልጋል፣ ለዚያች ጠብታ ማሽን ማዞር ደግሞ የጥቅምት 20ውን ሒሳብ መድገም ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ወሰድን፣ 12.8 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት፣ 1.28 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። 40 አምፒር ቻርጀር ያለምንም ማጉረምረም ይቀበላል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን ግን ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ የመንዝ ሌሊት ደግሞ ውርጭ አለው። ስለዚህ ቦታው ሳሎን ውስጥ፣ ከመደቡ አጠገብ። ቻርጅም ቀን።

የተረጋጋው ፕሮግራም ይህ ነው። በየሁለት ቀኑ፣ ጠዋት ፀሐይ ካሞቀች በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል። መጀመሪያ ፓምፑ፤ ከተረጋጋ በኋላ ፍሪጁ፤ በመጨረሻ ቻርጀሩ፣ 650 ዋት። ጠቅላላው 1,350 ዋት አካባቢ፣ ካለን ጉልበት ሦስት አራተኛው። ፓምፑ ሺህ ሊትሩን ሮቶ ሞልቶ ቀድሞ ይጠፋል። የሚያልቀው ቤንዚን ከሦስት ሊትር በታች ነው፤ በእሱ ሁለት ማታ መብራትና ቴሌቪዥን፣ የሁለት ቀን ውሃ፣ ፍሪጅም ይገኛል። በፊት ለአንድ ማታ መብራት ብቻ የምናቃጥለው ያንኑ ሊሆን ምን ቀረው።

ኅዳር 5

ፍሪጁ ከሁሉም ያስገረመኝ እሱ ነው። በሁለት ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ የሚሠራ ፍሪጅ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ አለ። በአፋር ቢሆን ምንም። እዚህ ግን የኢንሱሊን ጠላት ሙቀት ብቻ አይደለም። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ ይላል ማሸጊያው፤ አንዴ ከበረደ፣ ማለት ወደ በረዶ ከተለወጠ፣ ቢቀልጥም አይሆንም፣ ይጣላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መስኮት ሥር የተቀመጠ ውሃ ጠዋት ቆዳ ያወጣል። ፍሪጁ ሳይሠራም ወፍራም ግድግዳ ያለው ሣጥን ነው፤ ከቀኑም ከሌሊቱም ይጠብቃል።

ውስጡ ትንሽ ቴርሞሜትር አንጠልጥለናል፣ አባባ ጠዋትና ማታ ያያሉ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። በዚህ ወር 4 እና 7 መካከል ነው የሚዋዥቀው። የታሸጉ የውሃ ጠርሙሶች ታችኛው መደርደሪያ ሞልተነዋል፣ ቀዝቃዛውን ይዘው እንዲያቆዩ። ኢንሱሊኑ ከበረዶ ቤቱና ከኋለኛው ግድግዳ ርቆ በሩ ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው ያለው። ሌላ ነገር ደግሞ፦ ቤቱ በጣም ሲቀዘቅዝ የፍሪጁ ቴርሞስታት በቂ ነው ብሎ ኮምፕረሰሩን ጭራሽ አያስነሳም፤ የበረዶ ቤቱ በዚያ ሰዓት ይቀልጣል። ተበላሽቶ አይደለም። ሥጋ ለማቆየት ግን በዚህ ቅዝቃዜ ያለ እሱም ቋንጣ አለ።

ኅዳር 13

ትናንት ሚካኤል ነበር። እንግዳው ሁሉ ስልኩን ይዞ መጣ፤ ባትሪው ሃያ ስልክ ቢሞላም አልተሰማውም። ካውያ ይዛ የመጣችው ግን ተመልሳለች። ካውያ ከሺህ ዋት በላይ ነው፣ የምጣዱ ዘመድ። ጠዋት ማሽኑ እየሠራ ፓምፑ ከጠፋ በኋላ ቻርጀሩን ነቅሎ መተኮስ ይቻላል፤ ከባትሪው ግን አይሆንም። እህቴ ይህንን በር ላይ ጽፋ ለጥፋዋለች፣ ከእኔ በተሻለ ቋንቋ።

ታኅሣሥ 3

የመጀመሪያው 20 ሰዓት ሥራ ስላለፈ ዘይቱ ገና ድሮ ተቀይሯል። አዲስ ሞተር ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ወርቃማ ሆኖ በዘይቱ ላይ ይታይ ነበር። 0.6 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው፣ ለዚያች ዋጋ መዘናጋት አያዋጣም። ከዚህ በኋላ በየመቶ ሰዓቱ። የአየር ፊልትሮው በዚህ አቧራ ከዚያም ቀድሞ ይታጠባል። አባባ የሰዓቱን መዝገብ ከቴርሞሜትሩ ጽሑፍ አጠገብ ጀምረዋል።

ሁላችንም ከቤት ወጥተን ማሽኑ ለሳምንታት የማይሠራ ከሆነ የቤንዚኑን መክፈቻ ዘግቶ ራሱ እስኪጠፋ ማሠራት ነው፤ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን ይበላሽና ቀዳዳዋን ይደፍናል።

ቀጣዩ ሥራ ፓነል ነው። ባትሪው ስላለ አሁን የሚያስፈልገው 400 ዋት ፓነልና የቻርጅ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው፤ በበጋ ጄኔሬተሩ ለፓምፑ ካልሆነ አይነሳም። ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ጉሙ ሲወርድ፣ ተራው ይመለሳል። ጋሼ ጣራችን ላይ ወጥተው የፀሐዩን አቅጣጫ ለክተውልናል፤ ቆርቆሮው ግን ከሥሩ አዲስ ሞራሌ ይፈልጋል፣ እንጨቱን ከደብረ ብርሃን ለማምጣት የገና ገበያ እስኪያልፍ እየጠበቅን ነው።